የጋሽ ዝንቡ የምስጢር ቦታ

ሰፈሩ ሁሉ ጋሽ ዝንቡ ይለዋል። ሙያው ልብስ ስፌት ነው፤ ነፍሱ ግን ወንዝ ዳር ናት። ከሱፍ ቁርጥራጭና ከዶሮ ላባ መንጠቆ ላይ በሚያስራት የውሸት ዝንብ ዓሣው ቀርቶ ሸረሪት እንኳ ይሸወዳል።

በዝንብ የሚያጠምድ ሰው መቼም አንድ አመል አለው፤ ቦታውን አይናገርም። የቱንም ያህል ቢወዳጁት፣ ሆድ ይፍጀው ነው። ጋሽ ዝንቡም ከአሮጌው ወፍጮ ስር፣ ውሃው ታጥፎ ዝም በሚልበት ቦታ፣ ሦስት ዓመት ያደባበት ትራውት የሚሉት አንድ ትልቅ ዓሣ ነበረው። የት ዋልክ ሲሉት «ላይኛው ኩሬ» ይላል። ለሚስቱም ያው ነው። እሷ ለጸጉር አስተካካዩ ሚስት የማትነግራት ነገር የለማ!

ሚስቱ ልቧን ያማት ነበር። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ደከም ብሏት ተኛች። ልቅር ወይ ቢላት፣ ስትነጫነጭብኝ ከምትውል ሂድልኝ ብላ ሳቀችበት። የት እንደሚሆን ግን ጠየቀችው። ላይኛው ኩሬ ነኝ አላት፤ አፉ ለምዶታል። ስልኩንም እንደ ልማዱ ጠረጴዛው ላይ ትቶ ወጣ።

ከሰዓት በኋላ ያ ትራውት ዝንቧን ዋጠ። ጋሽ ዝንቡ ዓሣውን ታቅፎ፣ ለሚስቱ የሚላትን ቀልድ እያሰበ፣ ፈገግ እንዳለ ቤቱ ደረሰ።

በራፉ ጫማ በጫማ ሆኗል። ሴት ልጁ ቀሚሷ ጭቃ በጭቃ ሆኖ በሩ ላይ ቆማለች።

«ላይኛው ኩሬ ድረስ ሁለቴ ሮጥኩ፣ አባዬ። መጀመሪያ የለም ብዬ ስመለስ እማዬ አላመነችኝም። እዚያ ነኝ ብሎኛል፣ ደህና አድርገሽ ፈልጊው ብላ መልሳ ላከችኝ። ሁለተኛ ስመለስ አልቆየችኝም።»

ደህና አድርጌ ባለመፈለጌ ነው ብላ አለቀሰች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል፤ ለተናጋሪው ቀላል ነው። ጋሽ ዝንቡ ዓሣውን መሬት ላይ አስቀመጠ። ዝም ቢል ልጁ ዕድሜዋን ሙሉ ራሷን ልትከስ ነው።

«ወፍጮው ስር ነበርኩ፣ ልጄ» አላት።

ልጅቷ ለቅሶዋን አቆመች። ወፍጮው ከቤታቸው አሥር ደቂቃ አይሞላም።

ዛሬ ቦታውን ለጠየቀውም ላልጠየቀውም ይናገራል። አጥማጁ ሁሉ ተግተልትሎ ሄዶበት፣ ውሃው ባዶ ቀርቷል። ልጁ ግን እስከ ዛሬ አንድ ቀን እንኳ የት እንደሚውል ጠይቃው አታውቅም።