ለእማማ አስካለ የመጣው ጥጥ

ባለፈው ዓመት በረዶው መቅለጥ ሲጀምር የሆነ ነገር ነው። ለሰው ሳጫውት አንዱ ይስቅብኛል፣ ሌላው ያማትባል። ከእኔ ውስጥ ግን እስከ ዛሬ አልወጣም።

የምሠራው ስቶክሆልም፣ ኪስታ በሚገኝ አንድ የትራንዚት ድርጅት ነው። ከውጭ የመጣ ዕቃ ጉምሩክ ሲደርስ ምንነቱን ለይቼ የታሪፍ ቁጥሩን እሞላለሁ። ጥጥ ቀላል ይመስላል እንጂ ጣጣ አለው። ያልተባዘተው አንድ ቁጥር አለው፣ የተባዘተው ሌላ፣ ክር ከሆነ ደግሞ ሌላ። ፍሬው ካልወጣለት የዕፅዋት ምርመራ ወረቀት ይጠየቃል፤ ወረቀቱ ከሌለ ይቃጠላል።

አንድ ቀን ከአዲስ አበባ ካርቶን መጣ። ላዩ ላይ «ጥጥ» ከማለት በቀር ምንም አልተጻፈበትም። ተቀባይዋ ብሬዴንግ ሰፈር የሚኖሩ እማማ አስካለ የሚባሉ ጡረተኛ ናቸው። ከቢሮው አማርኛ የምችል እኔ ብቻ ስለሆንኩ ደወልኩላቸው።

«እማማ፣ ጥጡ የተዳመጠ ነው ወይስ ፍሬው አለበት?»

«እህቴን ዳምጠሽ ላኪ ብያታለሁ። ዓይኗ ደከም ስላለ ግን እንጃ።»

«ምን ሊያደርጉበት ነው? ጋቢ ሊያሠሩ?» አልኩ፣ ጨዋታ መፍጠሬ ነው።

«ጋቢስ አለኝ። ለመገነዣዬ ነው፣ ልጄ።»

የያዝኩትን ብዕር አስቀመጥኩ። እሳቸው ግን የገበያ ወሬ እንደሚያወራ ሰው ረጋ ብለው ቀጠሉ። ሰው ሲሞት አፍንጫው የሚደፈንበት ጥጥ፣ አውራ ጣቶቹ የሚታሰሩበት ክር ያስፈልጋል። ክሩን በእጃቸው ሊፈትሉት ነው። እዚህም ጥጥ ሞልቷል ብላቸው፣ «የፋርማሲ ጥጥ ተወትፎብኝ አልሄድም» አሉ። ፍሬ ከተገኘበት እንደሚቃጠል ነገርኳቸው።

«እህቴ ሌላ ለመላክ አቅም የላትም። እኔም ሌላ እስኪመጣ መቆየቴን እንጃ» አሉና ስልኩን ዘጉ።

በማግስቱ ከሥራ ባልደረባዬ ከሌና ጋር መጋዘን ወርደን ካርቶኑን ከፈትነው። ጉምሩክ ፍሬ መኖር አለመኖሩን አይተን፣ ፎቶ አንስተን እንድንልክ አዞን ነበር። ክዳኑን እንዳነሳሁት ክው አልኩ። በነጭ ነጠላ የተጠቀለለ፣ ጨቅላ ሕፃን የሚያህል ነገር ተጋድሟል። አንገቱ ላይ፣ ወገቡ ላይ፣ እግሩ ላይ በክር ታስሯል። አገር ቤት ሬሳ ሲገነዝ አይቻለሁ፤ አስተሳሰሩ ራሱ ነው።

ሌና ምን ታውቃለች? «እንዴት አሳምረው አሽገውታል» ብላ እጇን ሰደደች። ክንዷን ያዝኳት።

«ምነው፣ አመመህ እንዴ?»

ምን ብዬ ላስረዳት! በልቤ አቡነ ዘበሰማያት እየደገምኩ ክሩን ራሴ ፈታሁት። እግዜር ያሳያችሁ፣ የጀመርኩት ከእግሩ በኩል ነው። ፊት ቢኖረውስ ብዬ ፈርቼ።

ጥጥ ነበር። እየቦጨቅን ብንፈትሽ አንድም ፍሬ አላገኘንበትም፤ ያቺ ዓይነ ደካማ እህት አጥርታ ለቅማዋለች። «ያልተባዘተ ጥጥ» ብዬ ሞላሁ። ቅጹ ለምን አገልግሎት እንደሚውል ሲጠይቅ «ለግል መጠቀሚያ» አልኩ። ሌላ ምን ልበል?

ጉምሩክ ሲለቀው ራሴ ይዤላቸው ሄድኩ። መልሼ ያሰርኩት እኔ ስለሆንኩ ለሌላ ሰው አሳልፌ መስጠት ከበደኝ። እማማ አስካለ ቀጭን፣ ፈገግታ የማይለያቸው ሴት ናቸው። ጥቅልሉን ተቀብለው ጉልበታቸው ላይ አስተኙት። እህታቸው ለምን እንደዚያ አድርገው እንዳሰሩት ጠየቅኳቸው።

«ለቀብሬ አትደርስማ» አሉ። «እዚያው ሆና ገነዘችኝ።»

ልወጣ ስል አስቆሙኝ።

«ሚስት አለህ?»

«የለኝም።»

«እዚህ አገር ዘመድስ?»

«የለኝም፣ እማማ።»

ከጥጡ ዘገን አድርገው፣ በንጹሕ ጨርቅ ቋጥረው እጄ ላይ አኖሩት። «እንግዲያው ይህን ያዝ። ላንተ ማን ያመጣልሃል?»

እምቢ ማለት ነውር ሆነብኝ። በምድር ውስጥ ባቡሩ፣ በቱነልባናው፣ ስመለስ ጥጡ ካፖርቴ ኪስ ውስጥ ነበር። ከባቡሩ ወርጄ ስሄድ ብርዱ እጄን እየቆረጠኝ ኪሴ መክተት ፈራሁ።

እሳቸው ደህና ናቸው። ክሩን ፈትለው ጨርሰዋል፤ እየደወሉ ይመርቁኛል። የቸገረኝ እኔ ነኝ። ጥጡ መሳቢያዬ ውስጥ፣ ካልሲዎቼ ሥር አለ። ልጥለው አንስቼው አውቃለሁ፣ እጄ እምቢ አለኝ። እየቆየ ሲሄድ ደግሞ ፍርሃቴ ሌላ ሆነ። ብሞት እዚያ መኖሩን ማን ያውቃል?

በቀደም በፊካ፣ በቡና እረፍታችን፣ ለሌና ነገርኳት። የትኛው መሳቢያ እንደሆነ፣ ምን እንደሚደረግበት፣ ሁሉንም። ትስቃለች ብዬ ነበር፣ አልሳቀችም። ትንሽ አሰብ አድርጋ፣ «ታዲያ ቤትህ በምን እገባለሁ?» አለችኝ።

በነጋታው ትርፍ ቁልፌን ሰጠኋት። ከራሷ ቤት ቁልፎች ጋር አድርጋዋለች። ጠረጴዛዋ ላይ ባየሁት ቁጥር ደስም ይለኛል፣ ሰውነቴንም ውርር ያደርገኛል።