ለዶሮዎቹ የመጣ ዛጎል

ወፍ ቆጣሪው ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በየማለዳው ከመብራት ማማው እስከ ወንዙ መግቢያ በእግሩ እየሄደ፣ የባሕር ወፎቹን ቆጥሮ የእግራቸውን መለያ ቀለበት በመነጽር እያነበበ ኖሯል። የወፍ ጉንፋን ከገባ ወዲህ ደግሞ የሞቱትን በረጅም መቆንጠጫ አንሥቶ በድርብ ከረጢት ያስራል፤ ከጉሮሯቸው ናሙና ወስዶ ለእንስሳት ሐኪሟ ይልካል፤ ቦት ጫማውን በመድኃኒት ሳያጥብ ደጃፉን አይረግጥም። ሰላምታ ሲሰጡት እንኳ ጓንቱን ስለማያወልቅ ሰፈርተኛው «ጓንቴ» አለው። ውሻውን የለቀቀ ሰው ካየማ አይምርም።

«ሬሳ ልሶ ሲያበቃ ልጆችህን ሊልስ ነው? እሰረው እንጂ!»

ሌላውን መገሠጽ ራስን ከመመርመር ይቀልላል፤ እርሱም ከዚህ ነጻ አልነበረም።

አንድ ማለዳ ጫጩት ሳለች ራሱ ቀለበት ያሰረላትን ነጭ ወፍ አንገቷ ተቆልምሞ፣ በኩሷ በተበከለ የዛጎል ክምር ላይ ሞታ አገኛት። እጁን ወደ ዛጎሉ ሰደደና ደርቆ ቀረ። የሚስቱ ዶሮዎች የእንቁላላቸው ቅርፊት እንዲጠነክር፣ ከዚሁ ክምር ዛጎል እያፈሰ ሲወስድላት ዓመታት አልፈዋል። የመጨረሻውን የወሰደው ከትናንት በስቲያ ነበር።

እዚያው ቆሞ ለሐኪሟ ደወለ።

«የኔን ቤት ከተጠረጠሩት ጋር መዝግቢ።»

«ምን ተገኘ፣ ጋሼ?»

«ጥፋቴ።»

ሚስቱ ሰምታ ስታበቃ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። «አሥራ አንዱም ዶሮዎቼ ሊታረዱ ነው?»

«በሽታው ከተገኘባቸው፣ አዎ።»

«አገሩን ሁሉ ስትቆጣ ከርመህ መዓቱን በገዛ ኪስህ አመጣህልኝ? አሁንስ ዝም ብትል ማን ያውቅብህ ነበር?»

«ማደሪያቸውን የምትጠርጊው፣ በእጅሽ የምታቅፊያቸው አንቺ ነሽ። ዝም ብዬ አንቺን ልጣ?»

ነጠላ ጫማዋን አጠለቀችና፣ ዛጎሉን ወዳካፈለቻት ጎረቤቷ ሄደች። እርሱ ሊከተላት ሲል «አንተ ቅር፤ ስብከት ታበዛለህ» አለችው። ከአጥሩ ማዶ ድምፅዋ ይሰማው ነበር፦ «እትዬ፣ ዶሮዎችሽን ዝጊ። ባለቤቴ ዛጎሉን አመጣ፣ እኔም ሰጠሁሽ፤ ጥፋቱ የሁለታችን ነው።»

ሐኪሟ ከሁለቱም ቤት ናሙና ወሰደች። አራት ቀን ሙሉ ማንም ወደ ዶሮዎቹ ያለ አፍ መሸፈኛ አልገባም። ሚስቱ ጠዋትና ማታ የሰውነቱን ሙቀት ስትለካ «አፍህን ክፈት፣ መካሪ» እያለች ትጎሽመዋለች፤ ቁጥሩን ግን ሁለት ጊዜ ሳታይ መለኪያውን አታስቀምጥም።

በአምስተኛው ቀን ሐኪሟ ስትደውል ስልኩን ከእጁ ነጥቃ «አሥራ አንዱም?» ብላ ጠየቀች። አሥራ አንዱም፣ የጎረቤቷም ከበሽታው ነጻ ነበሩ። ዕድል ነው እንጂ ጥንቃቄ አልነበረም፤ ቆጣሪውም ይህን ስለሚያውቅ ደስታውን አላበዛም። እርሷ ወንበር ላይ ዘፍ ብላ አለቀሰች።

«ለዶሮ ነው እንዲህ የምታለቅሺው?»

«ላንተማ እንዳይመስልህ!» አለችው። እጅጌውን ግን ጨብጣ አልለቀቀችም።