የቡድናችን የኮድ አጻጻፍ ደንብ

ኮምፒውተር ልማር ቡሬ ኮሌጅ ስገባ ፍኖተ ሰላም አካባቢ ዘጠኝ ዓመት አስተምሬ ነበር። የመመረቂያ ሥራ ለአራት ደረሰን፤ ምርጥ ዘር ለገበሬ ሲታደል የሚመዘግብ ፕሮግራም። ከጓደኞቼ አንዷ አራተኛ ክፍል ያስተማርኳት ልጅ ነበረች። ሦስቱም አንቱ ይሉኛል።

ኮዱ አንድ እጅ የጻፈው እንዲመስል ደንብ አወጣንና ላቦራቶሪው ግድግዳ ላይ ለጠፍነው። በቅንፍ ውስጥ ያለ መስመር አራት ቦታ ገባ ይበል፤ ስም ሙሉ ይጻፍ እንጂ በአንድ ፊደል አይጠራ፤ አንድ ፋንክሽን፣ ማለትም አንድ የትእዛዝ ስብስብ፣ አንድ ሥራ ብቻ ይሥራ። ደንቡን ያረቀቅሁት እኔ ነኝ፤ መጀመሪያ ያፈረስኩትም እኔው። ፈጣን ነበርኩ፣ ፍጥነቴም ያኮራኝ ነበር። መብራት ሳይጠፋ ልጨርስ እያልኩ ገበሬውን ኤክስ፣ ዘሩን ዋይ ብዬ፣ መስመሩን ሁሉ ከግራ ጠርዝ አስጀምሬ፣ በፍላሽ አስረክብና እሄዳለሁ። ማንም ምንም አላለኝም። እኔም ዝምታቸውን እንደ አድናቆት ቆጠርኩት። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የእኛው ግን ነቀዘ።

ሥራችንን በምናቀርብበት ቀን ፈታኙ እኔ የጻፍኩትን የኮድ ክፍል በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ አበሩና «እስቲ ያስረዱን» አሉኝ። አየሁት፤ አላወቅሁትም። ስሞቹ ሙሉ ናቸው፣ መስመሮቹ ቀጥ ብለዋል፣ አንዱ ረጅም ፋንክሽኔ አምስት ሆኗል። የእኔ አይደለም ብል በሰው አሠርቶ መጣ ልባል ነው፤ የእኔ ነው ብል ማስረዳት አልችልም። ከወደቅሁ ደግሞ ባዶ እጄን ወደ ትምህርት ቤቴ መመለሴ ነው። ተንተባተብኩ። ፈታኙ ሦስቱን አሳለፉና እኔን «በሳምንቱ ብቻዎን ይምጡ» አሉኝ።

ውጭ ስንወጣ ደሜ ፈልቶ ጮኽኩባቸው።

«ስታርሙት ለምን አልነገራችሁኝም?»

ተማሪዬ የነበረችው ድምጿን ዝቅ አድርጋ መለሰችልኝ።

«ጋሼ፣ አንቱን ማን ደፍሮ ያርማል? አራተኛ ክፍል እያለሁ ሰሌዳው ላይ ሒሳብ ቢሳሳቱ ተሳስተዋል ብልዎ፣ ደወል እስኪደወል አንበርክከውኝ ነበር እኮ።»

ያን ሳምንት ኮዱን መስመር በመስመር ያስረዳችኝ እሷው ናት። በሳምንቱ ቀረብኩ፤ አለፍኩ። እሷን ማንበርከኬን ግን እስከ ዛሬ አላስታውሰውም፤ ያንበረከክኳቸው ልጆች ብዙ ነበሩ።