ኛሙት ሳታስፈቅድ የተሻገረችው ድልድይ

ጎረቤቴ ኛሙት ባጃጅ ከመያዟ በፊት የአንድ ትልቅ እርሻ ኩባንያ የመኪና ስምሪት ኃላፊ ነበረች። ኤሲ ያለው ክፍል ውስጥ ሬዲዮ ይዛ፣ በኢታንግ መስመር የሚወጡትን ሹፌሮች «ሂድ»፣ «ቁም» ትላለች። ኩባንያው ጠቅልሎ ሲወጣ ባጃጅ ገዛች። «ሰው ሳዝ ኖሬ አሁን ሰው ያዘኛል» እያለች ትስቃለች።

በእኛ ከተማ በወዲህና በማዶ ሰፈር ጎሳዎች መካከል ነገር የከረረ ዕለት ባጃጅ ድልድዩን አይሻገርም። የወዲህኛው ሰፈር ሹፌር ተሳፋሪውን ድልድዩ አፍ ላይ ያወርዳል፤ ሰውየው በእግሩ ይሻገራል፤ የማዶው ሹፌር ይቀበለዋል። ይህን የማያውቅ የለም፣ የሚጥሰውም የለም።

የሁለተኛ ልጄ ምጥ የያዘኝ እንዲህ ባለ ጠዋት ነው። ተኩስ ሲሰማ አድሯል። ሱቁ ሁሉ ዝግ ነው፣ ስልክ አይሠራም፣ ባለቤቴ ለሥራ ኩሌ፣ ስደተኞች ጣቢያ እንደሄደ መንገድ ተዘግቶበታል። እናቴ ትልቁን ልጄን አዝላ ሄዳ ኛሙትን ጠራቻት።

«እሙዬ፣ ባጃጄ ትናንት ነው የታጠበው፣ እዚህ እንዳትወልጂብኝ» አለችኝ ደግፋ እያስገባችኝ። ቀልዷ ነው።

ሆስፒታሉ ከድልድዩ ማዶ ነው፤ ድልድዩ አፍ ላይ ቆመች። ማዶ አንድ ባጃጅ ብቻ አለ፤ እንዲህ ባለ ቀን ከእሷ ተሳፋሪ የሚቀበለው የማዶው ሹፌር፣ የኦቻን ነው።

«መራመድ ትችያለሽ?»

«አልችልም እህቴ።»

ሞተሩን አላጠፋችም። «ድሮ አዲስ አበባ ደውዬ እጠይቅ ነበር» አለች፣ ለእኔ ይሁን ለራሷ እንጃ። «ይሂዱ ካሉኝ ሂድ እላለሁ፣ ይቁሙ ካሉኝ ቁም እላለሁ። ማታ ቤቴ ገብቼ እተኛለሁ። ሹፌር እንዲህ እንደሚፈራ አላውቅም ነበር።»

ከዚያ መብራቷን አበራችና በዝግታ ገባች። ባሏን፣ ልጇን፣ አምላኳን እየጠራች ነበር መሰለኝ፤ በኑዌርኛ ስለሆነ አልለየሁትም።

መሃል ስንደርስ ኦቻን እየነዳ መጣ።

«አንቺ፣ አብደሻል? ቢያዩሽስ?»

«ምጥ ነው!»

ወደ እሱ ባጃጅ ልዛወር ብዬ ብነሳ እግሬ ከዳኝ።

«ተያት፣ አታንቀሳቅሻት» አላት። «ከኋላዬ ተከተይኝ። እኔ ስቆም ብቻ ቁሚ። ሌላ ሰው ቁሚ ቢልሽ እንዳትቆሚ።»

ማዶ፣ መንገዱ ዳር ጎረምሶች ቆመዋል፤ ድንጋይ የያዙም አሉ። ኦቻን አንገቱን አውጥቶ በቋንቋቸው እየጮኸ ይነዳል። አንዱ ጎንበስ ብሎ የኛሙትን ፊት አየ፣ ከዚያ ሆዴን አየ። የባጃጁን ጣሪያ አንድ ጊዜ በጡጫ መታው። አለፍን።

ሆስፒታል ደርሰን ልጄ በደህና ተወለደች። ኛሙት መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ሬዲዮው ላይ እኔ ብኖር፣ ኛሙትን ቁሚ ነበር የምላት» አለች።

«እንኳንም አልኖርሽ።»

«እንኳንም።» በመስኮቱ ወደ ግቢው አየች። «አሁን ደግሞ መመለስ አለ። እሱን አላሰብኩትም ነበር።»

ኦቻን በሩ ላይ ብቅ አለ። «እንሂድ እንጂ፣ ሳይብስ። እንደ አመጣጣችን፣ ከኋላዬ።»

ግንባሬን ሳመችኝና ወጣች። የሁለቱ ሞተር ድምፅ እስኪርቅ ጆሮዬን ጥዬ ቆየሁ፤ ከራቀም በኋላ።