ደረቁን ቡና እርጥብ ያልኩ ቀን

ነገሩ ከደረሰ ሦስት የቡና ወቅት አልፏል። የበሽታዬ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ አልጽፈውም ነበር፤ ስኳር ያለበት ሰው አገሩን ሞልቶታል። ከአእምሮዬ አልወጣ ያለው በዚያ ቀን ሰው ማዋረዴ ነው።

የምኖረው ጅማ፣ ቦሳ ኪቶ ነው። ሥራዬ በገበያ ቀን አጋሮ እየሄድኩ ከገበሬ ጀንፈል፣ ማለትም ከነገለባው የደረቀ ቡና መግዛት ነው። ትልልቆቹ ነጋዴዎች የእርጥበት መለኪያ አላቸው። የእኛ የትንንሾቹ መለኪያ ጥርሳችን ነው። ፍሬውን ፈልፍለን እንነክሰዋለን፤ ጥርስ ከገባበት እርጥብ ነው፣ ካልተበገረ ደርቋል። ሃያ ዓመት ስነክስ ተሳስቼ አላውቅም፤ በዚህም እኮራ ነበር።

ስኳር እንዳለብኝ ከተነገረኝ ያኔ ሁለት ዓመት ሆኖኝ ነበር። ኪኒኑን ጥቂት ወራት ወሰድኩና ደህና ነኝ ብዬ ተውኩት። ድዴ መድማት ሲጀምር በጫት አሳበብኩ። ጥርሴ መነቃነቅ ሲጀምር ቅርንፉድ ያዝኩበት። ለባለቤቴም አልነገርኳት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግኩት፤ ተረቱ ግን ለሌላ ሰው የተተረተ ይመስለኝ ነበር።

ታኅሣሥ ላይ ነው። አባ ፊጣ የሚባሉ ሽማግሌ ገበሬ አራት ጆንያ አስጭነው መጡ። የብዙ ዓመት ደንበኛዬ ናቸው። እንደ ልማዴ አንድ ፍሬ ፈልፍዬ ነከስኩ። ሲገባ ተሰማኝ። ሌላ ነከስኩ፤ ያም ገባ።

የዚያን ዕለት ከጠዋት ጀምሮ ውሃ ሲጠማኝና ሽንት ሲያመላልሰኝ ስለዋለ ተነጫንጬ ነበር። ገበያተኛው ሁሉ እየሰማ አፌን ሞልቼ፣ «ምነው አባ፣ በስተርጅና? ውሃ ረጭተውበት ነው እንዴ የመጡት?» አልኳቸው። ቡና ላይ ውሃ የሚረጭ ሰው ክብደት እንዲጨምርለት ነው። ለገበሬ ከዚህ የባሰ ስድብ የለም።

ሽማግሌው አልተቆጡም። ከጆንያው ዘግነው፣ አንዱን ፈልፍለው ራሳቸው ነከሱ። ቀው ሲል ሁላችንም ሰማን።

«ወላሂ ኢልመኮ፣ ልጄ፣ ሃያ ቀን ፀሐይ ላይ የዋለ ነው። እስቲ ድገመው» አሉኝ።

በእልህ ጠበቅ አድርጌ ነከስኩ። አፌ ደም ሞላ። መዳፌ ላይ ስተፋው ቡናው ምንም አልሆነም፤ ጥርሴ ግን አብሮት ወጥቷል። ለካ ሲገባ የተሰማኝ የላላው ጥርሴ ወደ ድዴ ሲገባ ነበር።

አባ ፊጣ መዳፌን አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ስኳር ነው አይደል? የኔም ባለቤት በጥርስ ነው የጀመራት። በኋላ እግሯን ቆርጠውም አላተረፏትም። ቶሎ ሂድ» አሉኝና ጆንያቸውን መልሰው አስጫኑ። እኔ አፌን በመሐረብ ይዤ ስለነበር ይቅርታ እንኳ በወጉ አልጠየቅኳቸውም።

በማግስቱ ጅማ ሐኪም ዘንድ ቀረብኩ። ስኳሬ ጣሪያ ነክቷል። የጥርስ ሐኪሟ፣ «ስኳሩ ሲጨምር ድድ ይታመማል፤ ድድዎ እንደታመመ ከቆየ ደግሞ ስኳሩ በቀላሉ አይወርድም። መድማት ሲጀምርዎ ቢመጡ ኖሮ ብዙዎቹን እናተርፋቸው ነበር» አለችኝ። ስኳሩ እስኪወርድ ጠብቃ ሰባት ነቀለችልኝ። ከፊቶቹ አንድም አልቀረም። ዛሬ ኪኒኔን አላቋርጥም፣ ድዴንም አስመረምራለሁ። የሄደው ግን ሄዷል፤ ቆሎ ሲቀርብ በልቻለሁ እላለሁ።

እሱስ የእጄን ነው ያገኘሁት። የሚቆጨኝ የአባ ፊጣ ነገር ነው። ቤታቸው ድረስ ሄጄ እግራቸው ላይ ስወድቅ፣ «ማል ጎና፣ ምን ይደረጋል፣ ሕመም ነው» ብለው ይቅር አሉኝ። ስድቤን የሰማው ገበያተኛ ሁሉ ግን ጥርሴን አላየም። ውሃ ይረጫሉ የሚለው ወሬ እሳቸው ላይ ቀረ። ነጋዴዎቹ እስከ ዛሬ ድረስ የእሳቸውን ጆንያ እስከ ግርጌው ካልዘረገፉና ካልነከሱ አይገዙም።

በገበያ ቀን አጠገባቸው እቆምና፣ «ቡናቸው ደረቅ ነው፣ የዋሸሁት እኔ ነኝ» እላለሁ።

«አንተ ደግሞ በየትኛው ጥርስህ ነክሰኸው ነው የምትመሰክረው?» ብለው ነጋዴዎቹ ይስቁብኛል።

አባ ፊጣ ጎንበስ ብለው የተዘረገፈውን ቡና መልቀም ይጀምራሉ። እኔም አብሬያቸው እለቅማለሁ፤ ቀና ብዬ ፊታቸውን ለማየት ግን እስካሁን አልደፈርኩም።