የተገለበጠው ስም

ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ የሐበሻ ምግብ ቤት ገብቼ ይዤው የምሄደው ቴክአውት እስኪደርስልኝ ቁጭ ብያለሁ። መስታወቱ ላይ የተጻፈው አማርኛ ከውስጥ ሲያዩት የተገለበጠ ነው። ሳላስበው አነበብኩት። እንዲህ ማንበብ ያስተማረኝ አባቴ ነው።

አባቴ ማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ነበር። የእርሳስ ፊደሎችን ከየሳጥናቸው እየለቀመ ይደረድራል፤ ወረቀት ላይ ቀጥ ብለው እንዲወጡ ሁሉም የተገለበጡ ናቸው። ከትምህርት ቤት ስወጣ እሱ ጋ እቆያለሁ። ክፍሉ ቀለምና ጋዝ ይሸታል።

አንድ ቀን መንግሥት የገደላቸውን ሰዎች ስም ለጋዜጣ እየለቀመ ሳለ አለቃው መጣና፣ «ታደሰን አውጣው። የእሱ ሞት እንዳይታወቅ ተብሏል» አለው። ጋሽ ታደሰ አጠገቡ የሚሠራ ጓደኛው ነበር፤ ከተወሰደ ሰንብቷል።

አለቃው ሲወጣ አባቴ ስሙን መዳፉ ላይ ደርድሮ አሳየኝ።

«አንብቢው።»

«ታደሰ።»

«እንግዲህ አንቺም አንብበሽዋል። ለሚስቱ ለእትዬ አልማዝ እንዳትነግሪያት። ስታለቅስ ከሰሙ እሷንም ይወስዷታል።»

ከዚያ ፊደሎቹን ወደየሳጥናቸው መለሳቸው። በማግስቱ የሰርግ ካርድ ለቀመባቸው።

አባቴ ከሞተ ቆየ። የጋሽ ታደሰ ባለቤት እትዬ አልማዝ አሁን እዚህ ቅርብ ባለችው አሌክሳንድሪያ ልጃቸው ጋ ናቸው። ዛሬ የሐኪም አፖይንትመንት ነበራቸውና እኔ ወሰድኳቸው። ስንመለስ፣ «አባትሽ ስለ ታደሰ ምንም ሳይነግርሽ ነው የሞተው?» አሉኝ። «ምግብ ልያዝልዎት» ብዬ መኪናውን እዚህ በር ላይ አቆምኩ።

አሁን መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብለው በምግብ ቤቱ መስታወት ያዩኛል። ጽሑፉ በእሳቸው በኩል ቀጥ ብሎ ይነበባል።