በነጠብጣብ የሞላሁት ልብ ወለድ

ሆሳዕና መናኸሪያ አጠገብ፣ በጋሽ ሸምሱ የጽሕፈት ክፍል ሥራ የጀመርኩ ቀን ታይፕ አልመታሁም። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ፣ የታይፕ ሰርተፊኬቴን ይዤ፣ ጥፍሬን ከርክሜ ብሄድ የሰጡኝ መርፌ ነው። «የፊደሎቹን ጉድፍ ልቀሚ» አሉኝ። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ከ«ው» እና ከ«ጨ» ሆድ ውስጥ የደረቀ ቀለም ስለቅም ዋልኩ። ሰርተፊኬቱን ያየልኝ የለም።

በዚያ በደርግ ዘመን አሠራሩ እንዲህ ነበር። ደንበኛ በእጁ ጽፎ ያመጣል። እኔ በካርቦን ሦስት ኮፒ እመታለሁ። ደንበኛው እያንዳንዱን ገጽ አንብቦ ይፈርማል። ማመልከቻ ከሆነ እዚያው ያልቃል። የሚባዛ ጽሑፍ ከሆነ ግን አንዱ ኮፒ ፈቃድ ወደሚሰጠው ቢሮ ይሄዳል፤ ማኅተም ሳያገኝ ስቴንስል፣ ማለት ማባዣው ላይ የሚገባው የሰም ወረቀት፣ አይቆረጥም። ማባዣ ማሽናችን እንደ ጠመንጃ በቁጥር የተመዘገበ ነበር።

ታይፒስት ከጣቷ ይልቅ ዓይኗ ነው የሚለፋው። የሰው እጅ ጽሑፍ! ከሙዱላ የመጣ አንድ ሽማግሌ ራሱ የጻፈውን የመሬት ማመልከቻ ማንበብ አቅቶት፣ እኔ ሳነብለት «ልክ ነው፣ እንደዚያ ነው ያልኩት» ብሎኛል። በዓመቱ ዋና ታይፒስት የሆንኩት በፍጥነት ሳይሆን በዚህ ነው።

ያን ጊዜ ከተማው በዘንዶ ልብ ወለድ አብዶ ነበር። የሚናገር ሰይፍ፣ በራሪ ፈረስ፣ በጭስ የምትታጠብ ልዕልት። መናኸሪያ ያሉት መጽሐፍ አከራዮች ጋ ወረፋ ነው። ሾፌሩ ያነባል፣ ረዳቱ ያነባል፣ አውቶቡሱ ቆሞ ይጠብቃል።

ቦኖሻ የሚያስተምር ኤርሲዶ የሚባል ወጣት መምህር እነዚህን መጻሕፍት ሊያሾፍባቸው ተነሣ። ቅዳሜ ቅዳሜ በአውቶቡስ እየመጣ ደብተር ያስረክበኛል። ለአዋቂ ብቻ ነው ብሎ ሽፋኑ ላይ ጽፎበታል። እኔ የመካነ ኢየሱስ ልጅ ነኝ፤ አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። ሦስተኛውን ገጽ ሳነብ ጆሮዬ ጋለ።

«ይህን እኔ ልመታ?» አልኩት።

«ታዲያ ማን ይምታው? የእኔን እጅ ጽሑፍ ካንቺ በቀር ማን ያነበዋል?»

«አያሳፍርህም? ልጆች ታስተምራለህ እኮ።»

«ልጆቹማ ዘንዶውን አምነው ቁጭ ብለዋል። የሚያሳፍረው እሱ ነው።»

ለጋሽ ሸምሱ ነገርኳቸው። «አስቴር፣ ደንበኛ ነው፤ ምቺ» ብለው ሬዲዮናቸውን ማስተካከል ቀጠሉ። እምቢ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። መታሁት፤ የሚያሳፍረው ቦታ ስደርስ ግን ነጠብጣብ አደረግሁ። ባለጌው ቃል ብቻ አይደለም፤ አንዳንዴ ሙሉ አንቀጽ። ጨዋነት መስሎኝ ነበር።

ኤርሲዶም የራሱን ጥፋት ጨመረበት። የቦኖሻ አውቶቡስ ጡሩምባ ሲያስጮህ፣ አንድም ገጽ ሳያነብ ሁሉንም ፈርሞ ሮጠ። «አንብበው እንጂ!» ብዬ ጮኽኩበት። «አንቺን አምናለሁ!» አለኝ በመስኮቱ። ኮፒው ወደ ቢሮው ሄደ።

በሁለተኛው ሳምንት ጋሽ ሸምሱ ፊታቸው አመድ መስሎ ገቡ። «መምህሩን ከጠዋት ጀምሮ ይዘውታል። የመታችውም ትምጣ፣ ዋናው ደብተርም ይምጣ ብለዋል።»

ደብተሩን ይዤ ሄድኩ። ኤርሲዶ አግዳሚ ላይ ተቀምጧል፤ የጫማው ክር ተፈትቷል። ከጠረጴዛው ጀርባ ያሉት የፈቃድ ቢሮው ኃላፊ ጓድ እኔ የመታሁትን ገጽ አንሥተው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡልኝ።

«'በሠርጉ ሌሊት ልዑሉ' ነጠብጣብ። 'አንጥረኛው መዶሻና ሞረድ ይዞ ወደ እልፍኙ ገባ' ነጠብጣብ። 'ንጉሡም፣ ይህ ነገር ከዚህ ቤት እንዳይወጣ ብለው ሁሉንም አስማሉ።' 'በማግስቱ ገበያው ተበተነ፣ ሕዝቡ ሸሸ' ነጠብጣብ።» ወረቀቱን አስቀመጡ። «መሪ ሊገደል ነው። የተማማሉ ሰዎች አሉ። የተደበቀውን ማን ያውቃል?»

«ነገርኳቸው እኮ!» አለ ኤርሲዶ። «ብልግና ነው አልኩ! ተራ ብልግና!»

«አንተ ዝም በል። ዛሬ የፈጠርከውን ደብተሩ ላይ ያለ አስመስለህ ልታነብልን ነው?» ደብተሩን ለጸሐፊያቸው ሰጡ። ጸሐፊው አገላብጠው መለሱት፤ የኤርሲዶን እጅ ጽሑፍ ከእኔ በቀር የሚያነብ አልነበረም። ጓድ ወደ እኔ ዞሩ። «ለፍርድ ከመላኬ በፊት አንቺ አንብቢ። አንድ ቃል ብትዘዪ አብረሽው ነሽ።»

ጸሐፊው አቶ ዴታሞ ናቸው። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ከአባቴ ጎን የሚቀመጡት አቶ ዴታሞ።

ኤርሲዶን አየሁት። ከንፈሩ ደርቋል። አነበብኩ።

ልዑሉ በሠርጉ ሌሊት ከብረት ልብሱ መውጣት አልቻለም፤ የወገቡ ቁልፍ ዘንዶው ሆድ ውስጥ ቀርቷል። አንጥረኛው ተጠርቶ በሞረድ ሲፈገፍግ፣ ልዑሉ «ቀስ! እሱ ብረት አይደለም!» እያለ ይጮኻል። ልዕልቲቱ ችቦ ይዛ ታዛጋለች፤ «ስታገኙት ቀስቅሱኝ» ብላ ተኛች። ንጉሡ ያስማሉት ለዚህ ውርደት ነው። ጠንቋዩ ለልዑሉ የላከውን የወንድነት መድኃኒት ደግሞ አህያው ጠጣው። ገበያ የበተነው አህያው ነው፤ ከዚያ በኋላ ያደረገውን ሁሉ፣ በማን ላይ እንዳደረገው ጭምር፣ ቃል ሳልዘል አነበብኩ። አህያው የመንደሩን ዳኛ በቅሎ ሲያባርር ጓድ ብዕራቸውን ጣሉ። ፊታቸውን በማኅተሙ ሣጥን ሸፈኑ። አቶ ዴታሞ ጣሪያ ጣሪያውን ሲያዩ ቆዩና ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር።

«በቃ፣ በቃ» አሉ ጓድ ዓይናቸውን እየጠረጉ። ከዚያ ኮስተር አሉ። «ለሰፊው ሕዝብ ንቃት አይጠቅምም። አይባዛም። መምህሩ ይሂድ።» በሩ ጋ ስንደርስ ጠሩኝ። «አንቺ፣ ያለ ነጠብጣቡ አንድ ኮፒ ምቺ። ለመዝገብ።»

ውጭ ኤርሲዶ የሚያመሰግነኝ መስሎኝ ነበር።

«ሊያስገድለኝ የነበረው የጻፍኩት አይደለም» አለ። «ያልመታሽው ነው።»

«አንብበው ብዬህ ነበር!»

«ብለሽኛል» አለ፤ ጫማውን አሥሮ ወደ አውቶቡሱ ሄደ። ሌላ ደብተር አላመጣም። አቶ ዴታሞ ነግረዋቸው አባቴ እስከ ፋሲካ አላነጋገሩኝም።

አሁን ለሚጀምሩ ልጆች የምለው አንድ ነው። የምታፍሩበትን ጽሑፍ በሩ ላይ መልሱት። ከተቀበላችሁት ሙሉውን ምቱት፤ ደንበኛውም ሳያነብ አይፈርም።